የኢታንግ ውኃና የወረቀት ምስክርነት

ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተዋዋሉት የወሰን ውል በአራተኛው አንቀጽ የአንዲት የወንዝ ዳር መንደር ስም ተጽፎ እናገኛለን፤ ይኸውም ኢታንግ ነው። በአንቀጹ መሠረት የሱዳን መንግሥት በባሮ ወንዝ ላይ፥ በኢታንግ አካባቢ፥ የወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፥ ስፋቱም ከ400 ሔክታር የማይበልጥ መሬት መርጦ ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ተፈቅዶለት ነበር። ሆኖም ጣቢያው በመጨረሻ የተሠራው ከኢታንግ ወደ ምሥራቅ፥ ከወንዙ ሽቅብ፥ ዛሬ የጋምቤላ ከተማ ባለችበት ስፍራ ነው። ስለዚህ በየክረምቱ ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ጨውና ጨርቅ ጭነው ሲወጡ፥ ቡናና ሰም ጭነው ሲወርዱ፥ በውሉ ላይ ስሟ የተጻፈውን መንደር በጎን እያዩ ያልፉ ነበር።

ይህን ታሪክ ማንሣቴ፥ ነገር በደጃፍ አልፎ ሌላ ቦታ ማረፉ ለኢታንግ አዲስ አለመሆኑን ለማሳየት ነው። በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው የተነሣሁት ጉዳይም እንዲሁ ያለ ነው። «ይህ ውኃ ያሳምማል ወይስ አያሳምምም?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው መሣሪያ ከጥያቄው ባለቤት ምን ያህል ርቆ እንደ ኖረ፥ አሁንም በቁራጭ ወረቀት መልክ እንዴት ወደ ወንዙ ዳር በመቅረብ ላይ እንደ ሆነ፥ ቀርቦም ምን ሊነግረን እንደሚችልና እንደማይችል ለማስረዳት እሞክራለሁ። በአውሮፓ አቆጣጠር የተጠቀሰውን ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. በማለት ለይቼዋለሁ።

አኙዋዎች ኦፔኖ የሚሉት ባሮ ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋ ወርዶ ጋምቤላንና ኢታንግን ካለፈ በኋላ ከፒቦር ጋር ይገናኛል፤ ከዚያ ወዲያ ስሙ ሶባት ሆኖ ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል። በኢታንግ የሚኖሩት አኙዋ፥ ኑዌርና ኦፖ ሕዝቦች ዓሣ የሚያጠምዱት፥ ከብት የሚያጠጡት፥ ውኃው ሲሸሽ በቆሎ የሚዘሩት በዚሁ ወንዝ ዳር ነው። በወንዝ ዳር ያደግን ሰዎች ውኃን የምንመዝነው በዓይን፥ በጣዕምና በአካሄዱ ነበር፤ የቆመ ውኃ ያጠራጥራል፥ የሚሄድ ውኃ ግን ንጹሕ ነው ብለን እናምናለን። ይህ እምነት ፈጽሞ ስሕተት አይደለም። ነገር ግን ከላይ ያለው ሰፈር ቆሻሻ በጎርፍ ታጥቦ ወደ ታች ሲመጣ፥ የሚሄደው ውኃ ራሱ ተሸካሚ መሆኑን ይዘነጋል። ባክቴሪያ የሚባለው ተሐዋሲ መጠኑ ከሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ እምብዛም የማይበልጥ ስለ ሆነ፥ ጥርት ባለው የበጋ ውኃ ውስጥም ቢሆን ዓይን ምስክር ሊሆን አይችልም።

ዓይንን የሚተካ ምስክር ለማግኘት በሌላው ዓለምም ቢሆን ብዙ ጊዜ ወስዷል። እ.ኤ.አ. በ1854 ሐኪሙ ጆን ስኖው በለንደን የብሮድ ጎዳና ሰፈር በኮሌራ የሞቱትን ሰዎች ቤት እየቆጠረ በሽታው ከአንድ የውኃ ፓምፕ መምጣቱን አስረዳ፤ ውኃውን በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ግን ጥፋተኛ ብሎ ሊያቀርበው የሚችል ነገር አላገኘም። በዚያው ዓመት በፊሬንዜ ፊሊፖ ፓቺኒ በኮሌራ በሞቱ ሰዎች አንጀት ውስጥ ተሐዋሲውን አይቶ ጻፈ፤ የሚሰማው ግን አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1884 ሮበርት ኮክ በካልካታ ነገሩን አረጋገጠ። የኮክ ብልሃት ተሐዋሲውን ማየቱ ብቻ ሳይሆን መዝራቱ ነው። በረጋ ምግብ ላይ የወደቀች አንዲት ባክቴሪያ በሞቀ ቦታ ስታድር ሚሊዮን ትሆንና በዓይን የምትታይ ነጥብ ትሠራለች። እ.ኤ.አ. በ1885 ቴዎዶር ኤሼሪሽ በሰው አንጀት ውስጥ የሚኖረውን፥ ዛሬ ኢ ኮላይ የምንለውን ባክቴሪያ ገለጸ። ከዚያም የውኃ መርማሪዎች የበሽታውን ዓይነት ሁሉ አንድ በአንድ ከመፈለግ ይልቅ ዓይነ ምድር ወደ ውኃው መግባቱን የሚያሳየውን ምልክት መፈለግ ጀመሩ። ይህም ጅቡን ሳያዩ በዱካው ማወቅ ማለት ነው።

የዚህ ጥበብ ድክመት ጊዜና ቦታ መጠየቁ ነው። የተዘራው እስኪበቅል አንድ ሌሊት፥ ኮሌራ መሆኑን ለይቶ ለመናገር ደግሞ ሁለትና ሦስት ቀን ያስፈልጋል። ሥራውም ንጹሕ ክፍል፥ የማይዋዥቅ ሙቀትና የተማረ እጅ ይፈልጋል። ከዚህ የተነሣ ላቦራቶሪ በከተማ የሚቀመጥ ነገር ሆነ።

በአካባቢያችን ታሪክ ውስጥ ይህን ርቀት ለማጥበብ ከተደረጉት ሙከራዎች እኔን በጣም የሚያስገርመኝ አንዱ የተደረገው በውኃ ላይ ነው። በካርቱም በጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ውስጥ የነበረው የዌልካም የሐሩር አገር ምርምር ላቦራቶሪ፥ በዶክተር አንድሩ ባልፎር አስተዳደር ዘመን፥ በጀልባ ላይ የተሠራ ተንሳፋፊ ላቦራቶሪ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1907 ዶክተር ቻርልስ ዌንየን በዚህ ጀልባ ማይክሮስኮፑን ይዞ፥ በእንፋሎት መርከብ እየተጎተተ፥ በደቡብ ሱዳን ወንዞች ላይ ተሐዋስያንን መረመረ። ሕመምተኛው ወደ ላቦራቶሪ መሄድ ካልቻለ ላቦራቶሪው ይምጣ የሚለው አሳብ እንግዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው ማለት ነው። ጀልባው ግን ሲመለስ ዕውቀቱም አብሮት ተመለሰ።

በአገራችን በኩል በ1940ዎቹ ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ በኋላም ማዕከላዊ ላቦራቶሪና የምርምር ኢንስቲትዩት ተባለ፤ ከብዙ ለውጥ በኋላ ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይባላል። የሠራው ሥራ ትልቅ መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን ከአዲስ አበባ እስከ ጋምቤላ በመኪና ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከጋምቤላ እስከ ኢታንግም ከአርባ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ይቀራል። ለምርመራ የተቀዳ ውኃ በቅዝቃዜ ተይዞ በ24 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት፤ አለዚያ ባክቴሪያው በመንገድ ላይ ይሞታል ወይም ይራባል፤ ውጤቱም ስለ ኢታንግ ውኃ ሳይሆን ስለ መንገዱ የሚናገር ይሆናል። ስለዚህ ለረጅም ዘመን የኢታንግ ውኃ መጥፎነት የሚታወቀው በውኃው ሳይሆን በጠጪው ነበር። መርማሪ መሣሪያው የሕፃናት ሆድ ሆኖ ኖረ ብል ማጋነን አይመስለኝም።

በ1975 ዓ.ም. ከሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት የሸሹ ሰዎች በኢታንግ መስፈር ሲጀምሩ ነገሩ ሁሉ መልኩን ለወጠ። ትንሿ የወንዝ ዳር መንደር በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ የሚኖርባት፥ በዓለም ካሉት ትላልቅ የስደተኛ ሰፈሮች አንዷ ሆነች፤ ግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ደግሞ ሰፈሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ባዶ ሆነ። ይህን የሚያህል ሕዝብ በአንድ ወንዝ ዳር በሚኖርበት ጊዜ አንድ ቀን መዘግየት ምን ማለት እንደ ሆነ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አገር ኦክስፋም ከሰሪ ዩኒቨርሲቲ ጋር ዴልአጓ የተባለውን በእጅ የሚያዝ የውኃ መመርመሪያ ሣጥን አወጣ። በሣጥኑ ውስጥ 100 ሚሊ ሊትር ውኃ በስስ ወንፊት ይጣራል፤ ወንፊቱም በባትሪ በሚሠራ ማሞቂያ ውስጥ በ44 ዲግሪ ሙቀት ካደረ በኋላ የበቀሉት ነጥቦች ይቆጠራሉ። ይህ በእርግጥ ላቦራቶሪውን ወደ ትከሻ አወረደው። ሆኖም ባትሪ፥ የተማረ ሰውና አንድ ሙሉ ሌሊት መፈለጉ አልቀረም።

ወረቀት ወደዚህ ታሪክ የሚገባው ከሌላ በር ነው። የኩራዝ ክር ላምባን ያለማንም ገፊ ሽቅብ እንደሚስብ ወረቀትም ውኃን ይስባል። እ.ኤ.አ. በ1944 ኮንስደን፥ ጎርደንና ማርቲን የተባሉት እንግሊዛውያን ኬሚስቶች ይህን ጠባዩን ተጠቅመው የተደባለቁ ነገሮችን በወረቀት ላይ መለየት እንደሚቻል አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ አልፍሬድና ሔለን ፍሪ የተባሉት ባልና ሚስት ባወጡት ክሊኒስቲክስ አማካይነት የስኳር በሽተኛ በሽንቱ ውስጥ ስኳር መኖሩን ከቁራጭ ወረቀት ቀለም ማንበብ ቻለ። እ.ኤ.አ. በ1962 ሊላንድ ክላርክና ላዮንስ ሕያው ነገር የሚሠራውን ኤንዛይም ከመለኪያ መሣሪያ ጋር አጋቡ፤ ዛሬ ባዮሴንሰር የሚባለው ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ባዮሴንሰር ማለት አንድን ነገር ከሌላው የሚለይ የሕይወት ክፍል፥ ማለትም ኤንዛይም ወይም ፀረ እንግዳ አካል፥ ያየውን ደግሞ በቀለም ወይም በኤሌክትሪክ ከሚናገር ነገር ጋር ተጣምሮ ሲገኝ ነው።

ለኢታንግ ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ግን እንዲህ ካለ ረቂቅ ጥበብ የተወለደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 ማንጃ፥ ማውርያና ራኦ የተባሉ ሦስት ህንዳውያን በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጡ። አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ የታጠፈ ወረቀት ለባክቴሪያ ምግብ የሚሆን ፔፕቶን፥ ድኝ ያለበት ጨው፥ የብረት ጨውና ጥቂት ሳሙና በተበጠበጠበት ውኃ ይነከራል፤ ደርቆና ተቀቅሎ በትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ይቀመጣል። የሚመረመረው ውኃ፥ 20 ሚሊ ሊትር ያህል፥ ሲጨመርበት በውኃው ውስጥ ከአንጀት የመጡ ባክቴሪያዎች ካሉ ድኙን ወደ ጋዝ ይለውጡታል፤ ጋዙም ከብረቱ ጋር ተገናኝቶ ወረቀቱንና ውኃውን ያጠቁራል። ጥቁር ከሆነ ውኃው ተበክሏል፤ ካልጠቆረ ደኅና ሊሆን ይችላል። ማንበብ የማይችል ሰው ይህን ማንበብ ይችላል።

በዚህ ላይ አንድ አስተያየት ልጨምር። ፈተናው ከ30 እስከ 37 ዲግሪ ባለው ሙቀት አንድ ሌሊት ማደር አለበት። ደጋ ላይ ለዚህ ማሞቂያ ይገዛል፤ ኢታንግ ላይ ግን ጠርሙሱን መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። ከደጋ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ የሚያማርርበት ሙቀታችን በዚህ አንድ ጉዳይ ላይ የላቦራቶሪ ዕቃ ሆኖልናል።

ጉድለትም አለው። ኢ ኮላይ ራሱ እንደ ደንቡ ይህን ጋዝ አያወጣም፤ የሚያጠቁሩት ሲትሮባክተር፥ ሳልሞኔላ፥ ፕሮቴየስና ሌሎች የአንጀት ጓደኞቹ ናቸው። ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ ውኃ በተፈጥሮው ድኝ ካለበት ደግሞ ያለ ጥፋቱ ጠቁሮ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ግምገማ ይህን ወረቀት በላቦራቶሪ ምትክ ለመቀበል አመነታ። ማመንታቱ ትክክል ነው። ግን ማወዳደር ያለብን ከምን ጋር ነው? ኢታንግ ላይ ምርጫው በወረቀትና በላቦራቶሪ መካከል ሆኖ አያውቅም፤ በወረቀትና በምንም መካከል ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ምዕራፍ እመጣለሁ። በሚያዝያ 1998 ዓ.ም. በጋምቤላ ክልል አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ተነሣ፤ ከዚያም ወደ ሌሎች ክልሎች ተዛምቶ እስከሚቀጥለው ዓመት ዘለቀ። በይፋ የተሰጠው ስም ይኸው ሲሆን፥ ሕዝቡ በአሕጽሮት «አተት» ብሎ ለመደው። አተት የሚለው ቃል ሕመምተኛው ምን እንደሚሆን ይገልጻል እንጂ ምን እንዳሳመመው አይናገርም። ኮሌራ የሚለው ስም ከብዙ መንግሥታት አንደበት በቀላሉ የማይወጣበት ምክንያት በታሪክ የታወቀ ነው፤ ስሙ ሲጠራ ጎረቤት አገር ወሰን ይዘጋል፥ ነጋዴ ዕቃ አይገዛም፥ እንግዳም ይቀራል ተብሎ ይፈራል። አንዳንድ ሐኪሞች ሕክምናው አንድ ዓይነት ነው፤ የተሟጠጠውን ውኃና ጨው መመለስ ነው፤ ታዲያ ስሙ ምን ያደርጋል ይላሉ። ለአንድ አልጋና ለአንድ ሕመምተኛ ይህ እውነት ነው። ለአንድ ወንዝ ግን እውነት አይደለም። ከዓለም አቀፍ ክምችት የኮሌራ ክትባት ለመጠየቅ የላቦራቶሪ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ከኢታንግ በታች በሶባት ዳር ያለው ጎረቤትም ምን እየመጣበት እንደ ሆነ ሊያውቅ የሚችለው ነገሩ በስሙ ሲጠራ ነው። በሽታው ኮሌራ በሚለው ስሙ በመንግሥት በኩል በይፋ ሲነገር የሰማነው በ2011 ዓ.ም. በተነሣው ወረርሽኝ ጊዜ ነበር።

እንግዲህ ስም የላቦራቶሪ፥ ላቦራቶሪም የዋና ከተማ በነበረበት ጊዜ ወንዝ ዳር ያለው ጤና ሠራተኛ የሚያውቀውን ነገር የሚያስረዳበት ማስረጃ በእጁ አልነበረውም። በዚህ በኩል የመጣው ለውጥ እንደገና ወረቀት ነው። በፓሪስ የፓስተር ኢንስቲትዩት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2003 የኮሌራን ባክቴሪያ ከሕመምተኛው ተቅማጥ የሚለይ ወረቀት አሳተሙ፤ በማዳጋስካርና በባንግላዴሽም ሞከሩት። በወረቀቱ ላይ ቪብሪዮ ኮሌሬን የሚያውቁ ፀረ እንግዳ አካላት በመስመር ተሰምረዋል። ጥቃቅን የወርቅ ቅንጣት የተሸከሙ ሌሎች ፀረ እንግዳ አካላት ደግሞ ከፈሳሹ ጋር ሽቅብ ይጓዛሉ። ባክቴሪያው ካለ በሁለቱ መካከል ይያዝና የወርቁ ቅንጣት ተሰብስቦ ቀይ መስመር ይሠራል። ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ወርቅ ሲደቅቅ ቀይ መሆኑን የማያውቅ አንባቢ ቢገረም አይፈረድበትም፤ እኔም ተገርሜ ነበር።

ይህ ወረቀት «የለም» ሲል ከሞላ ጎደል ይታመናል፤ «አለ» ሲል ግን አንዳንድ ጊዜ ይሳሳታል። ተቅማጡ አስቀድሞ ለጥቂት ሰዓት አልካላይን ፔፕቶን በተባለ የጨው ውኃ ውስጥ እንዲቆይ ቢደረግ ስሕተቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ሥራው ማስጠንቀቂያ ደወል መደወል ነው፤ ፍርዱን የሚሰጠው አሁንም ላቦራቶሪ ነው። ማስቀመጫውም ችግር አለው፤ ብዙዎቹ የኮሌራ ወረቀቶች ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት እንዲቀመጡ ታዝዟል፤ በየካቲትና በመጋቢት ኢታንግ ላይ ጥላ ሥር እንኳ ይህ አይገኝም። ለህንዳውያኑ ጠርሙስ ወዳጅ የሆነው ሙቀት ለፓሪሱ ወረቀት ጠላት ሆነ ማለት ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ጋቪ፥ ዩኒሴፍና የዓለም ጤና ድርጅት ከ1.2 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ መፈተኛዎችን ለ14 አገሮች ለማከፋፈል ሲጀምሩ የመጀመሪያው ጭነት ማላዊ ገባ፤ ኢትዮጵያም ከተቀባዮቹ አገሮች አንዷ ነበረች። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ኮሌራ በደቡብ ሱዳንና በጋምቤላ ወሰን ዳርና ዳር በተዛመተ ጊዜ አስቸኳይነቱ እንደገና ታየ።

ስለ አዲሶቹ የወረቀት ባዮሴንሰሮች ባጭሩ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2007 በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የጆርጅ ኋይትሳይድስ ክፍል በወረቀት ላይ ውኃ የማያሳልፍ ድንበር በመሥራት አንዲት ጠብታ በቀጫጭን ቦዮች ተከፋፍላ ብዙ ፈተና እንድትፈተን አደረገ፤ የመስኖ ቦይ በጣት ጥፍር ላይ እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በኮሎራዶ የሚገኙ ተመራማሪዎች በእንዲህ ያለ ወረቀት ከምግብ ላይ የተወሰዱ ሦስት ጎጂ ባክቴሪያዎችን፥ ከእነርሱም ሳልሞኔላን፥ በቀለም ለውጥ ለይተዋል፤ የባክቴሪያው ኤንዛይም ቀለም የሚሰጠውን ነገር ሲሰነጥቀው ቀለሙ ይለወጣል። የጋዜጣ ጽሑፎች ይህን ሲያወሩ «በደቂቃ» ማለት ይወዳሉ። ነገር ግን በዚሁ ሥራ ውስጥ ከወረቀቱ በፊት ባክቴሪያውን ከ8 እስከ 12 ሰዓት ማራባት አስፈልጎ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ለመጠጥ የሚሆን ውኃ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድም ኢ ኮላይ እንዳይኖርበት ያስፈልጋል፤ ወረቀቱ ግን የሚጠጣው አንዲት ጠብታ ነው። በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ያለች አንዲት ባክቴሪያ በዚያች ጠብታ ውስጥ መገኘቷ ዕድል ነው። እንግዲህ ወይ ማራባት፥ ወይ ማጣራትና መሰብሰብ ግድ ይሆናል። በእኔ አስተያየት የዚህ ዘርፍ እውነተኛ ትግል ከቀለሙ ይልቅ በዚህች ጠብታ ላይ ነው።

ወረቀትን ከመጠን በላይ ማመን ምን እንደሚያስከትል በክልላችን ሁለት ጊዜ ታይቷል። የመጀመሪያው ወባ ነው። ከ1996 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በተስፋፋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የሚሠሩት እኅቶቻችን የወባ መፈተኛ ወረቀት ማንበብ ከጀመሩ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል፤ አብዛኛው ወረቀት የሚፈልገውም ወባው የሚያወጣውን አንድ ፕሮቲን ነበር። በትግራይ፥ በአማራና በጋምቤላ ክልሎች ከ12,000 በላይ ሰዎች ተመርምረው እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፥ አንዳንዱ ወባ ፕሮቲኑን የሚሠራበትን ዘረመል ጥሎ ተገኘ፤ ከመቶ ወደ አሥር የሚጠጉ የፋልሲፓረም ሕመምተኞችም በዚህ ወረቀት ሊታለፉ እንደሚችሉ ተገመተ። ተሐዋሲው ከወረቀቱ መደበቅን ተማረ ማለት ይቻላል። ሁለተኛው የጉበት በሽታ ነው። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲነሣ ስደተኞች እንደገና በባሮ ዳር ሰፈሩ፤ ኩሌና ቴርኪዲ በኢታንግ ልዩ ወረዳ፥ በኋላም ንጉኒየል ተከፈቱ። ከሚያዝያ 2006 እስከ ጥር 2007 ዓ.ም. ባሉት ወራት በሰፈሮቹ ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች በሔፓታይተስ ኢ ተጠረጠሩ። ሔፓታይተስ ኢ በውኃ የሚተላለፍ ቫይረስ ነው፤ የባክቴሪያ ወረቀት አያየውም። ከክሎሪን ጋር ሲታገሉ ቫይረሶች ከኢ ኮላይ ይልቅ ሊጸኑ ስለሚችሉ፥ ወረቀቱ ሳይጠቁር በሽታው በውኃው ውስጥ ሊኖር ይችላል።

ዛሬ የኢታንግ ከተማና አጠገቧ ያሉት የስደተኛ ሰፈሮች የሚጠጡት በጋራ ከተዘረጋ የጉድጓድ ውኃ መሥመር ነው፤ ይህም በአገራችን የአገሬውን ሰውና ስደተኛውን በአንድ ቧንቧ በማገናኘቱ ይጠቀሳል። ስለዚህ ጥያቄው አልቋል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኔም እንዲህ አስብ ስለ ነበር በዕረፍት ጊዜ ወደ ቤት ስሄድ በኮሌጃችን ላቦራቶሪ ከመምህራችን ጋር ካዘጋጀናቸው የህንዳውያኑ ዓይነት ጠርሙሶች አራቱን ይዤ ሄድሁ። ይህ የሳይንስ ጥናት አይደለም፤ አራት ጠርሙስ ጥናት አይሆንም። አንዱን በወንዙ ውኃ፥ አንዱን ከቦኖው፥ አንዱን አክስቴ ቤት ከተቀመጠው ጀሪካን ሞላሁ፤ አራተኛው ባዶ ቀረ። ማታ መደርደሪያ ላይ ደረደርኋቸው።

ጠዋት የወንዙ ጠርሙስ እንደ ከሰል ጠቁሮ አገኘነው። የቦኖው እንደ ገባ ነበር። የጀሪካኑ ውኃ የተቀዳው ከዚያው ቦኖ ቢሆንም እስከ እኩለ ቀን ድረስ ጠቆረ። አክስቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ጥቁሩ ምን ማለት እንደ ሆነ ግን እኔ ሳልነግራት ከወንዙ ጠርሙስ ጋር አስተያይታ ዐወቀች። መጀመሪያ ተቆጣች፤ ጀሪካኗን በየሳምንቱ በአሸዋና በሳሙና እንደምታጥብ በአኙዋክኛ ደጋግማ ነገረችኝ። ከዚያ ዝም አለችና ውኃ የምንቀዳበትን ቅል ከተሰቀለበት አውርዳ አየችው። እኛ ልጆቿ ሁሉ ከውጭ ስንገባ በእጃችን ይዘን ጀሪካኑ ውስጥ የምንነክረው ቅል ነው። ጠርሙሶቹን ከመድፋታችን በፊት ስንቀቅላቸው አራተኛውን ከእጄ ወሰደችና «ልጄ፥ ይህንንስ ለቅሉ አናደርገውም?» አለችኝ።